ሁለት ጊዜ ጠግኛት ሁለት ጊዜ ያፈሰሰችው ጀልባ

በሪሞት የምትነዳ ጀልባዬን ከኩሬው ዳር ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ክብደቷ የወትሮው አልነበረም። ክዳኗን ከፍቼ ዘንበል ሳደርጋት ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ ሮጠ። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ ስትዞር ወደ ቀኝ እየተጋደመች ነው ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከአንድ ወር በፊት ከድንጋይ ጋር አጋጭቼ የጠገንኩት የአፍንጫዋ ስንጥቅ ዳግም ተከፍቶ ነው ብዬ ስለደመደምኩ፣ ማታ ቤት ገብቼ ጥቂት ማጣበቂያ ጠብ ላደርግበት ወስኜ ነበር። ጠብ አደረግሁበት። በሳምንቱ እንደገና ወጣን፤ እንደገና ውሃ ጠጣች።

ይህን የምጽፈው በዚያው መንገድ ልትሄዱ ለተነሣችሁ ነው። መንገዱ ሱፐር ግሉ ይባላል።

ጀልባዋ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ሆዷ ወደ መካከል የሾለ ፈጣን ጀልባ ናት። ብሩሽ የሌለው ሞተርና የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ አላት። ቀፎዋ፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚያርፈው ቅርፊቷ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። ይህ ውፍረት ለጀልባ ሲበቃ ለጠጋኝ ግን ያንሳል፤ ብዙ የመፋቅም ሆነ ብዙ የመሳሳት ዕድል አይሰጥም።

ሱፐር ግሉ ለምን እንደማይሆን የገባኝ ሁለተኛውን ጥገና በምላጭ ስፍቀው ነው። የደረቀው ማጣበቂያ እንደ መስታወት ቅርፊት እየተሰበረ ተነሣ። ቀፎ ውሃ ላይ ሲሮጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ሞገድ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፣ ሞተሩም ሳያቋርጥ ያንቀጠቅጠዋል። ፕላስቲኩ ይህን ሁሉ እየተለጠጠ ይችለዋል። በስንጥቁ ውስጥ የገባው ሱፐር ግሉ ግን መለጠጥን አያውቅም፤ የተጣበቀበትን ይዞ ይሰነጠቃል። ይባስ ብሎ ስንጥቁን ሞልቶ ስለሚደርቅ፣ በኋላ ትክክለኛውን ነገር ላስገባ ስትሉ መጀመሪያ እሱን ፍቆ ማውጣት የግድ ይሆናል። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ይህ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ማጣበቂያውን መሳቢያ ውስጥ ትቼ ጀልባዋን ባዶ አደረግኋት። ባትሪው መጀመሪያ ይውጣ። ውሃ የነካው የሊቲየም ባትሪ ሲያዩት ደህና ቢመስልም፣ ደርቆና በደንብ ተመርምሮ ካልሆነ ቻርጅ አይደረግም። ያበጠ፣ የተቀደደ ወይም ለየት ያለ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ሊቃጠል ከሚችል ነገር ሁሉ ርቆ ይቀመጥ፤ ምርመራም አያስፈልገው። ከዚያ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨርና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን፣ መሪውን የሚያዞረውን ሰርቮ፣ በመጨረሻም ሞተሩንና የፕሮፔለሩን ዘንግ አወጣሁ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። እኔ አላነሣሁም፤ ስመልሳቸው ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረ። ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር ስለሚያስተካክለው ጉዳቱ እፍረት ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ይሄድና ጥፋቱን በማጣበቂያው ያላክካል። የጀልባ ቀፎ ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ ይሠራል፤ ርካሽና መጫወቻ የሚመስሉት ግን ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኤቲሊን ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዱ ቀፎ በውስጥ በኩል ስሙ ተቀርጾበት ይገኛል፣ ወይም በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ ቁጥር አለው፦ 2 እና 4 ፖሊኤቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 7 ደግሞ «ሌላ» ማለት ሲሆን ኤቢኤስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገባል። የእኔ ምንም ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ ክዳኑ ከሚያርፍበት ጠርዝ፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ፍቄ ውሃ ውስጥ ጣልኩ። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። የእኔዋ ቀስ ብላ ሰጠመች። ስትፈትኑ በእርጥብ ጣት ታች ድረስ ተጭናችሁ ልቀቋት፤ ትንሽ ፕላስቲክ የአየር አረፋ ይዛ በመንሳፈፍ ታታልላለች። ከዚያ በጥጥ ጫፍ አንዲት ጠብታ አሴቶን፣ ኤቢኤስን የሚያቀልጥ ፈሳሽ፣ በዚያው ጠርዝ ላይ አስነካሁ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ጣቴን ሳሳርፍበት ተለጠፈብኝ። ኤቢኤስ ነው።

ቁራጩ ቢንሳፈፍና አሴቶንም ምንም ባያደርገው ኖሮ ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው አይሠራም ነበር። ለእነዚያ ሁለት ፕላስቲኮች ኢፖክሲም (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቀው ሙጫ) ሱፐር ግሉም ከላይ ተለጥፎ እንደ ተለጣፊ ወረቀት ይላጣል። የሚሻለው ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተቆረጠ ዘንግ በጋለ መበየጃ እያቀለጡ መበየድ ነው፤ እሱም እጅ እስኪለምድ ድረስ የማይረባ ቁራጭ ላይ ይሞከር።

አሁን ወደ ፍሳሹ። እስከዚህ ድረስ የማውቀው ስንጥቅ አንድ ብቻ፣ የአፍንጫዋ ነበር። ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ጀልባዋን በሁለት መጻሕፍት መካከል አቁሜ፣ ውስጧን ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ሞላሁ። ከዚያ በላይ አትሙሉ፤ ቀፎው የተሠራው ከውጭ የሚገፋውን ውሃ ለመቋቋም ነው፤ ከውስጥ የሚጫነው ብዙ ውሃ ስንጥቁን ሊያሰፋ ይችላል። በውጭ በኩል ደረቅ ከሆነ፣ የሚያፈሰው ቦታ ራሱን ይናገራል።

አፍንጫዋን እያየሁ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሱፐር ግሉው፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ ይዞ ነበር። ጋዜጣው ግን ረጥቧል፤ ከአፍንጫዋ ሥር ሳይሆን ከመካከሏ ወደ ኋላ፣ በቀኝ በኩል። ጎንበስ ብዬ ከሥር ስመለከት አንዲት ጠብታ እየወፈረች ነበር። ጠረግኋት። እንደገና ወፈረች። ከኋላዋ ያለውን ዓይን አያየውም፤ ጥፍርም አይሰማውም።

ጠብታዋ የወጣችው ሞተሩ ከተቀመጠበት ከኋለኛው የቀኝ ምሰሶ ሥር ነው። የሞተሩ መደገፊያ ብረት ከቀፎው ጋር አብረው በቅርጽ በወጡ አራት አጫጭር የፕላስቲክ ምሰሶዎች ላይ በብሎን ይታሰራል። በውስጥ በኩል ግራሶውንና ቆሻሻውን ጠርጌ፣ የእርሳስ እምብርት ፈጭቼ በጣቴ አሸሁበትና በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ጥቁሩ ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ቀረ። ከምሰሶው ሥር እንደ ሸረሪት እግር ሦስት መስመሮች ተዘርግተዋል፤ ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ አንዱ ግን አራት ሴንቲ ሜትር ሄዶ የሆዷን መካከለኛ ሹል ሊነካ ምንም አልቀረውም። በሌሎቹ ምሰሶዎችም ዙሪያ ጅማሬው ነበር። ድንጋዩ ይህን አላደረገም። ድንጋዩ የመታው ከዚህ በግማሽ ጀልባ ርቆ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ነገሩን ከአፍንጫው ይዤ ነበር። ሥሩን ያገኘሁት ብሎኖቹን ስፈታ ነው። አራቱም ብሎኖች ላይ፣ ባለፈው ዓመት ሞተሩን ስቀይር፣ ብሎን በንቅጥቅጥ እንዳይላላ የሚቀባውን ቀለማም ፈሳሽ ማጣበቂያ በልግስና አፍስሼበት ነበር። ያ ፈሳሽ የሚደርቀው አየር በሌለበት፣ በብረትና በብረት መካከል ሲታፈን ነው። በፕላስቲክ ምሰሶ ውስጥ ግን ሊደርቅ አይችልም። ከዓመት በኋላም እርጥብ ነበር፤ ጣቴ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ጥፋቱ እዚያ ላይ አያበቃም፦ እንዲህ ያለው ፈሳሽ፣ ተጨንቆ የሚኖረውን ኤቢኤስ ያሰነጥቃል። በብሎን የተወጠረ ምሰሶ ደግሞ ከተጨነቀም የተጨነቀ ነው። ስለዚህ ጀልባዬን የሰነጠቅኋት እኔው ነኝ፣ ያውም «ለጥንቃቄ» ብዬ። የፈሳሹ ጠርሙስ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ለፕላስቲክ እንደማይሆን ተጽፏል፤ ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

ጥገናው የተጀመረው እንግዲህ በማጠብ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያም በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ጨርቅ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ከዘንጉ ቱቦ የወጣው ግራሶ ሳይታጠብ የብርጭቆ ወረቀት ከነካው፣ ግራሶው በየጭረቱ ውስጥ ይጋገርና ከዚያ በኋላ የሚይዝለት ነገር የለም። አሴቶን ግን ለማጽጃ ብላችሁ ሙሉ ቀፎው ላይ አታፍስሱ፤ ፊቱን ያቀልጠዋል፣ አዲስ ስንጥቅም ሊጋብዝ ይችላል።

ከዚያ የስንጥቁን ጫፍ መያዝ። ስንጥቅ የሚሄደው በጫፉ ነው፤ ጭነቱ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያች መርፌ የማታህል ነጥብ ላይ ነው። ቀፎውን በመብራት ፊት ይዤ በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ከውጭ ስጫነው፣ የእርሳሱ መስመር ካለቀበት አልፎ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነጣ ያለ ክር ታየ። ኤቢኤስ ሊቀደድ ሲል ይነጣል። እውነተኛው ጫፍ እሱ ነው። ከነጩ ክር መጨረሻ ትንሽ አለፍ ብዬ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ በማሽን ሳይሆን በእጄ እያሽከረከርኩ፣ ቀዳዳ አወጣሁ። ደህና የሆነን ቀፎ መብሳት እጅ ያርዳል። ነገር ግን ክብ ቀዳዳ ጭነቱን በዙሪያው ስለሚያከፋፍለው ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። በሁለቱ የሱፐር ግሉ ጥገናዎቼ ይህ አልነበረም፤ የአፍንጫዋም ስንጥቅ ከማጣበቂያው ሥር ሁለት ጣት ያህል ረዝሞ ነበር።

ሁለቱን ቦታዎች በሁለት መንገድ ጠገንኳቸው፤ ምክንያቱም ሥራቸው አንድ አይደለም። አፍንጫዋ ሲመታ የሚታጠፍ፣ ከዚያ ውጭ ብዙም የማይጨነቅ ቦታ ነው። ለእሱ የሚበጀው ፕላስቲክን በፕላስቲክ ማዋሐድ ነው። የኤቢኤስ ፍርፋሪ አሴቶን ውስጥ ሲያድር ይቀልጥና ወፍራም ሙጫ ይሆናል። ስንጥቁ ላይ ሲቀባ የሁለቱንም ከንፈር ያቀልጣል፣ አሴቶኑ ይተናል፣ የሚቀረው አንድ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ፍርፋሪውን ከየት አመጣሁ? የሌጎ መጫወቻ ጡቦች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ከኤቢኤስ ይሠራሉ፤ የእህቴ ልጅ ከብዙ ድርድር በኋላ የተሰበሩ ሦስት ጡቦች ለቀቀልኝ። ቀያይ ነበሩ። ነጭ ጀልባ ላይ ቀይ ስፌት ሲታይ አፍንጫዋን የደማች ትመስል ነበር፤ እሱ ግን ወደደው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ሠራሁ። የመጀመሪያው፣ አሴቶኑን ከፖሊስታይሪን በተሠራ የሚጣል ኩባያ ውስጥ መቅዳቴ ነው። ኩባያው ዓይኔ እያየ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ ተጠቀሙ። ሁለተኛው የከፋ ነበር፦ ቸኩዬ ሙጫውን በአንድ ጊዜ አወፈርኩት። የላይኛው ቆዳ ደረቀና አሴቶኑ ከሥር ታፈነ። በማግስቱ ሳየው ሙጫው በአረፋ ተሞልቷል፣ ከዚያም አልፎ ስሱ ቀፎ ከሥሩ ልሞ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ በዳሰሳ የሚታወቅ ጉድጓድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አስለቅቄ እንደገና ስጀምር፣ ስንጥቁን በስለት ጫፍ ሁለት ሦስተኛ ጥልቀቱ ድረስ ቦይ አድርጌ ከፈትኩት፣ ከውስጥ በኩል በእርጥብ ሸክላ ቅርጹን ደገፍኩት፣ ሙጫውንም እንደ ጥፍር ቀለም ስስ አድርጌ እየቀባሁ በየመካከሉ ግማሽ ቀን አስደረቅሁት። አራት ንብርብር ፈጀ። የመጨረሻው ከተቀባ በኋላ ሦስት ቀን አልነካሁትም፤ ላዩ በሰዓታት ውስጥ ቢደርቅም የውስጡ ጥንካሬ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በመጨረሻ ሸክላውን አንሥቼ፣ ከውስጥ በኩል ከአሮጌ የኤቢኤስ ሳጥን የተቆረጠ ስስ ቁራጭ በዚያው ሙጫ ደረብኩበት።

ስለ አሴቶን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፣ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ፍለጋ ይሄዳል። ምድጃ፣ ማሞቂያ፣ የመበየጃ ብረት በአካባቢው አይኑር፤ መስኮቱም ይከፈት። የተለመደው የናይትራይል ጓንት በአሴቶን በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል፤ የቢውቲል ጎማ ጓንት ነው የሚችለው።

የሞተሩ ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሙቀት አለ፣ ንቅጥቅጥ አለ፣ የዘንጉ ግፊት አለ። የተሰነጠቀውን መልሶ ማጣበቅ ብቻ አይበቃም፤ ከበፊቱ የጠነከረ መሆን አለበት። ስለዚህ ፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ፣ እና ኢፖክሲ። ፖሊስተር ሬዚን የሚባለው የፋይበርግላስ ሙጫ ቤታችሁ ካለ አትጠቀሙበት፤ በውስጡ ያለው ስታይሪን የሚባል ኬሚካል ኤቢኤስን ያጠቃል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውንም ኢፖክሲ ለዚህ ቦታ አልመርጠውም፤ ሙቀትና እርጥበት ቀስ በቀስ ያለሰልሰዋል፣ ጨርቁን አርጥባችሁ ሳትጨርሱም ይይዛል። ለመድረቅ ሰዓታት የሚፈልገውን ዘገምተኛ ኢፖክሲ ነው የተጠቀምኩት።

ኢፖክሲ ኤቢኤስን አያቀልጠውም፤ የሚይዘው በጭረቱ ተንጠልጥሎ ነው። ስለዚህ በስንጥቁ ዙሪያ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወጥቼ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የሚያብለጨልጭ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ፣ በተለያየ አቅጣጫ ፋቅሁት። በመብራት ፊት አዘንብላችሁ ስታዩት አንድም ቦታ ብልጭ ካለ፣ እዚያ አይያዝም። የተሰነጠቁትን ምሰሶዎች ሙሉ በሙሉ ቆርጬ አወጣኋቸው፤ በዚያ ፈሳሽ የራሰውን ፕላስቲክ የማምንበት ምክንያት አልነበረኝም። ቀፎውን ዘልቀው የገቡትን የብሎን ቀዳዳዎችና በጫፎቹ ላይ የበሳኋቸውን ከውጭ በኩል በቴፕ ዘጋሁ፣ ሙጫው እንዳያመልጥ።

ጨርቁ በካሬ ሜትር 100 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ስስ ዓይነት ነው። በክሩ አቅጣጫ ሳይሆን በሰያፍ ቆረጥኩት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ የሆዷን ሹልነት ተከትሎ ሳይሸበሸብ ይተኛል። ማዕዘኖቹንም አከበብኳቸው፤ የሾለ ማዕዘን መላጥ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ኢፖክሲውንና ማጠንከሪያውን አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ በዓይን ሳይሆን በሚዛን፣ ለካሁ። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር የትም አያደርስም፤ ሳይደርቅ እንደ ጎማ ይቀራል። የተቀላቀለውን ኩባያ ውስጥ ሰብስባችሁ አታቆዩት፤ እርስ በርሱ እየተሟሟቀ ያፈላና በእጃችሁ ላይ ይጋገራል። ጠፍጣፋ ክዳን ላይ ዘርጉት።

መጀመሪያ ስስ ኢፖክሲ ቀፎው ላይ በብሩሽ ቀባሁ፣ ከዚያ ትልቁን ጨርቅ አሳረፍኩ። ደስ የሚለው ይህ ቅጽበት ነው። ነጩ ጨርቅ ሙጫውን ሲጠጣ ከመካከሉ ጀምሮ ይጠፋል፤ ከሥሩ ያለው የእርሳስ መስመር እንደገና ይታያል፣ በመስኮት እንደማየት ያህል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ አየር ነው፤ በብሩሹ ጫፍ ቀስ ብዬ እየወጋሁ አስወጣሁት። ሁለተኛውን፣ አነስ ያለውን ጨርቅ ደረብኩ። ከላይ ከፕላስቲክ ከረጢት የቆረጥኩትን ፖሊኤቲሊን አለበስኩና በጣቴ ከመካከል ወደ ዳር ገፋሁት። ፖሊኤቲሊን ኢፖክሲ አይዘውም፤ ሲደርቅ ይላጣል፣ ትርፍ ሙጫውም ወደ ዳር ስለሚሄድ ክብደት ይቀንሳል። ለትርፍ ሙጫ አትሳሱ፤ ጥንካሬው ያለው በጨርቁ ውስጥ ነው፣ የቀረው ክብደት ብቻ ነው።

በማግስቱ ላዩ ላይ የሰም የሚመስል ቅባት ወጥቶ ነበር። አንዳንድ ኢፖክሲ ሲደርቅ ይህን ይተፋል። በውሃና በስፖንጅ ታጥቦ ካልሄደ ቀጣዩ ንብርብር አይይዝም፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ቀለል አድርጎ መፋቅ ነው።

በምሰሶዎቹ ፋንታ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ቆረጥኩ፣ ጫፎቹን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ኢፖክሲ አጠጣሁት፣ የሞተሩንም መደገፊያ በእሱ ላይ የናይሎን ቀለበት ባለው ዳዶ አሰርኩ። ናይሎን ያለው ዳዶ ያለ ምንም ፈሳሽ አይላላም። ሰሌዳውን ቀፎው ላይ ሳጣብቅ ግን ሞተሩን አብሬ አስሬ ነው። ይህን የምለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው፦ ሞተሩና ዘንጉ በአንድ መስመር ካልተገናኙ ንቅጥቅጡ አዲሱንም ጥገና ይሰብረዋል። ሞተሩን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ አስገብቼ፣ ኢፖክሲው ገና እርጥብ ሳለ ፕሮፔለሩን በጣቴ እያዞርኩ የሚከብድበት ነጥብ እስኪጠፋ ሰሌዳውን በጥቂት ሚሊ ሜትር አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ጥዬው ሄድኩ። የመጨረሻ ጥንካሬውን እንዲያገኝም አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ከባዱ ሥራ መጠበቁ ነበር።

የውጩን ነገር በአጭሩ፦ ቀዳዳዎቹንና ቦዩን በታልክ ዱቄት በተወፈረ ኢፖክሲ ሞላሁ፣ በ240፣ በ400፣ በ600 ቁጥር ወረቀት ውሃ እያስነካሁ አለሰለስኩ፣ ቀለም ነፋሁበት። ፍጹም አይደለም። የሚያስጨንቀው ቀለሙ ሳይሆን የሆዷ የኋላ ክፍል ነው። እዚያ ስትሠሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከኋላ ወደ ፊት አሳርፉበት፤ ጉብታም ጉድጓድም መኖር የለበትም። የመጨረሻው ጠርዝ ደግሞ ሹል ሆኖ ይቅር። በፍቅር ለስልሶ የተከበበ ጠርዝ ያምራል፣ ነገር ግን ውሃው በንጽሕና መላቀቅ ሲገባው ተከትሎ ይጠመዘዛል፣ ጀልባዋንም ወደ ኋላ ይጎትታታል።

ሽቦውን ከመመለሴ በፊት ባዶው ቦታ ላይ ሁሉ የተዘጋ ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ፣ ለዋና የሚያገለግለውን ዓይነት፣ ቆራርጬ ጠቀጠቅሁ። አንድ ሊትር ስፖንጅ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል። ጀልባዋ ከነባትሪዋ 1.8 ኪሎ ስለሆነች ሁለት ሊትር ያህል ገባ። ይህ ጥገና አይደለም፤ ግን ጥገናው ባይይዝ ዋና የማትችሉ ሰዎች ጀልባችሁን ከኩሬው መካከል እያያችሁ እንዳትቀሩ ነው።

ከመጀመሪያው ጋር ሳወዳድር ጥገናው ብቻ 46 ግራም ጨምሮባታል፤ አብዛኛው ከሞተሩ ሥር። ለእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ የክብደቷ መካከል ከኋላ ጠርዝ ተለክቶ ከርዝመቷ 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ጥገናው ትንሽ ስላዛባው ባትሪውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት አስጠጋሁ። ከዚያ የውሃውን ፈተና ደገምኩ፤ ጋዜጣው አንድ ሰዓት ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቆየ።

ኩሬው ዳር ግን ሌላ ዘዴ ጨመርኩ። የሚገባ ውሃ ሁሉ ከስንጥቅ አይመጣም፤ የማቀዝቀዣው ቱቦ፣ የዘንጉ ቱቦ፣ የመሪው ብሎን፣ የክዳኑ ጠርዝ ሁሉም ያፈሳሉ፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ውሃው ስለሚቀላቀል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አምስት የናፕኪን ቁርጥራጭ በአምስት ቦታ በቴፕ አጣበቅሁ፦ አንዱ አፍንጫዋ ውስጥ፣ አንዱ ከአዲሱ ሰሌዳ ጎን፣ አንዱ ከቱቦው ሥር፣ አንዱ ከመሪው ሥር፣ አንዱ ከክዳኑ ጠርዝ። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ያለ ሹል ዙር።

ሪሞቱን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፤ ሦስት ጡብ ከፍሏል። ሁለት ዙር ዞሮ፣ «አጎቴ፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው» አለ። ወደ ዳር ስትመጣ ክዳኗን ከፍተን አብረን አየን። የአፍንጫዋ ወረቀት ደረቅ። ከሰሌዳው ጎን ያለው ደረቅ፤ በጣቴ ጨመቅሁት፣ ደረቅ ነው። የቱቦውና የክዳኑም እንደዚያው። ከመሪው ሥር ያለው ግን አንድ ጫፉ ረጥቧል። ልጁ ፊቴን አየ። እሱ የብሎኑ ጎማ ነው አልኩት፤ ማታ እንቀይረዋለን።